ባቡሩ ካለበት ቤት የለም፣ ቤቱ ካለበት ባቡር የለም

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ የቤት ፍለጋ ወሬ ነው፤ ጅዳ ተጀምሮ መካ የሚያልቅ። ባልና ሚስቱን በስም አልጠራቸውም፤ ከአንድ ቤት የወጡም አይደሉም። ጅዳ የኖረ ሐበሻ የሚያወራውን አንድ ላይ ሰፍቼ ባል፣ ሚስትና ደላላ አደረግሁት። ሰፈሩ፣ ዓመቱና ሕጉ ግን የእኔ ፈጠራ የለበትም። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሚስትየው የከሚሴ ልጅ ናት። ሪያድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ቤቷ በጥሓ። በጥሓን ያየ ያውቀዋል፤ ሐበሻው፣ የመኒው፣ ባንግላዴሹና ፊሊፒኖው ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋበት፣ በየጥጉ ሐዋላ ቤት ያለበት አሮጌ ሰፈር ነው። ሪያድ ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ሜትሮዋን ከፈተች። 6 መስመር፣ 85 ጣቢያ፣ 176 ኪሎ ሜትር፤ ሹፌር የሌለው። በጥሓም የራሱ ጣቢያ ደረሰው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከአሮጌው የገዢ ቤተ መንግሥት ደጃፍ፣ ቀስር አልሑክም የሚባለው ትልቅ ጣቢያ ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ደመወዟን ለሊሞዚን ስትገፈግፍ የኖረች ሴት (ታክሲውን እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት) በ4 ሪያል ቲኬት ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ልቧ መዞር ቻለች። ሴቶችና ቤተሰብ የሚቀመጡበት ክፍል ለብቻው ነው፤ ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል። ከሥራ ወጥታ፣ ባቡር ተሳፍራ፣ ወርዳ፣ ጥቂት ተራምዳ ቤቷ። አቤት ተድላ!

ኪራዩ ግን እሱም ተሳፈረ። የሪያድ ኪራይ ሲወጣ ሲወጣ፣ መንግሥት በሴፕቴምበር 2025 ለአምስት ዓመት ጭማሪ አይደረግም ብሎ እስኪከለክል ደረሰ። በዚህ መሀል የባልየው መሥሪያ ቤት ወደ ጅዳ ወደብ መጋዘን አዛወረው። ሚስትየው ጓዟን ሳትሸክፍ መጀመሪያ ያደረገችው ስልክ መደወል ነበር፤ ጅዳ ላሉ አንድ ሽማግሌ ደላላ። ሽማግሌው የቦረና ወሎ ሰው ናቸው፤ ጅዳን ካወቋት ዘመን ሆኗቸዋል። ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው።

«ሐጂ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ቤት ይፈልጉልኝ። ሁለት ክፍል ይበቃናል። በለድ ውስጥ ይሁንልኝ፣ አሮጌው ከተማ፤ ከሜትሮ ጣቢያ የማይርቅ።»

«ወዐለይኪ ሰላም ልጄ። በለድ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ሜትሮም አልሽ?»

«አዎ ሐጂ።»

«አብሽሪ። ነይና ሁለቱንም አብረን እንፈልጋቸዋለን።»

ሐጂ ሰው ፊት አይስቁም፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ሳቁ አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጅዳ ሜትሮ አለ፤ ወረቀት ላይ። በ2013 ዕቅዱ ጸደቀ፣ በ2015 ጣቢያዎቹን እንዲነድፉ ፎስተር የተባሉት የእንግሊዝ አርክቴክቶች ተቀጠሩ፣ መስመሮቹ ቀለም ወጣላቸው፣ ሥዕሉ በየጋዜጣው ታየ። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወረደና ወሬው ቀዘቀዘ። የሪያድ ባቡር ሲሮጥ የጅዳው አልተቆፈረም። ጅዳ ላይ የሚታይ ባቡር ሁለት ነው። አንደኛው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኛን ከበር ወደ በር የሚያመላልሰው ነው፤ እሱ ጋ ቤት የሚያከራይ የለም። ሁለተኛው ሐረመይን ነው፤ ከመካ ተነሥቶ በጅዳ አድርጎ መዲና የሚገባው። 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበራል። በሴፕቴምበር 2018 ንጉሡ መረቁት። ዓመት ሲሞላው የጅዳው ጣቢያ፣ ሱለይማኒያ ያለው፣ በጠራራ ፀሐይ እሳት በላው፤ ጭሱ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ታየ። በኋላ ተጠግኖ ሥራ ጀመረ። ከሱለይማኒያ በለድ ለመድረስ ግን ያው ሊሞዚን ነው።

ባልና ሚስቱ በሐረመይን አልመጡም፤ ባቡሩ ሪያድ አይደርስም። በአውቶቡስ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ጅዳ ገቡ። ሐጂ ባብ መካ አጠገብ ጠበቋቸው።

በለድን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ባብ መካ ማለት ከድሮው የከተማ ቅጥር በሮች አንዱ ነው፤ የመካ መንገደኛ የሚወጣበት። ቅጥሩ በ1947 ፈረሰ፣ በሩ ስሙን ይዞ ቀረ። ገበያው ከበሩ ሥር ይጀምርና እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፦ ቅመም፣ ሽቶ፣ የጸሎት ምንጣፍ፣ የሕፃን ልብስ። ከዚያ ቀና ስትሉ ቤቶቹ ናቸው። አራት አምስት ፎቅ፣ ነጭ፣ አንዳንዱ ያዘመመ። ድንጋያቸው ከባሕር ነው የወጣው፤ የሞተ ኮራል ነው፣ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ቀዳዳ ቀዳዳውና የዛጎሉ ቅርጽ ይታያል። ድንጋዩ ቀላልና ልፍስፍስ ስለሆነ በየመካከሉ እንጨት እንደ መቀነት ያስሩበታል። እንጨቱ ከህንድና ከጃቫ በመርከብ የመጣ ነው። ፊት ለፊት ደግሞ ሮሻን አለ፤ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በተጠረበ እንጨት የተሸፈነ መስኮት። ሴቶቹ ከውስጥ መንገዱን ያያሉ፣ መንገደኛው አያያቸውም፤ የባሕሩ ነፋስ ደግሞ በቀዳዳው ይገባል። ማቀዝቀዣ ሳይኖር ጅዳ ውስጥ ሰው እንዴት ኖረ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሮሻን ነው።

ሐጂ መጀመሪያ የነሲፍን ቤት አሳዩአቸው። ዑመር ነሲፍ የተባሉት የከተማው ሹም በ1872 አስጀምረው በ1881 ያስጨረሱት ነው። ከመቶ በላይ ክፍል አለው ይባላል። ደረጃው ሰፊና ለስላሳ ዳገት ነው፤ ግመል ጭነቱን ይዞ እስከ ላይኛው ማድ ቤት እንዲወጣ። ደጃፉ ላይ አንድ ኒም ዛፍ አለ። ያኔ ከተማው ውስጥ ሌላ ዛፍ ስላልነበረ ቤቱን «ዛፍ ያለበት ቤት» ይሉት ነበር፤ አድራሻው ዛፉ ነው። ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ በ1925 መጨረሻ ጅዳን ሲይዙ ያረፉት እዚህ ነው።

«ይሄ ይከራያል?» አለች ሚስትየው። እንዲያው ነገሩን ለማለት ያህል እንጂ ጠፍቷት አይደለም።

«ሙዚየም ነው ልጄ። እንኳን አንቺን ግመሉንም አያስገቡት።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። በለድ ከጥንትም የኪራይ ከተማ ነው። ኸሊፋው ዑስማን በ647 የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ ካዛወሩ ወዲህ ጅዳ የሐጀኛ እንጀራ ስትበላ ነው የኖረችው። ሐጅ ሲደርስ ባለቤቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ የታችኛውን እንግዳ ይይዘዋል። ነዳጅ መጣና ገንዘብ ሲበዛ ባለቤቶቹ ቪላ ሠርተው ወደ ሰሜን ሄዱ። በሮሻኑ ቤት ማን ገባ? እኛ። የመኑ፣ ሱዳኑ፣ ቻዱ፣ ፓኪስታኑና ሐበሻው። ግመል ይወጣበት የነበረው ዓይነት ቤት በኮምፔንሳቶ እየተከፈለ በአልጋ ተከራየ። ሮሻኑ ተቦርቡሮ ማቀዝቀዣ ተሰካበት። ውኃ በቦቴ ይመጣል (ዋይት ይሉታል)፣ በርሜሉ ያፈሳል፣ ፍሳሹ ከመሬት ይወጣና ኮራሉን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። ቤቱ እየሞተም ቢሆን ሥራ ቦታ ቅርብ ነበር፣ መስጊድ ቅርብ ነበር፣ የአገር ልጅ ቅርብ ነበር። ድሃ ከተማ መሀል የሚኖረው ሀብታም ንቆት ሲሄድ ነው።

ሀብታሙ ተመልሶ መጣ። በ2014 ዩኔስኮ በለድን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ማዕረጉም «የመካ በር» ነው። በ2018 ለታሪካዊቷ ጅዳ ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በባህል ሚኒስቴር ሥር ቆመ። በ2019 አልጋ ወራሹ 56 ሊወድቁ የደረሱ ቤቶች እንዲጠገኑ 50 ሚሊዮን ሪያል አዘዙ። ጥገናው ደግሞ ጥሩ ጥገና ነው፤ ይሄን መካድ አይገባም። እንጨት ጠራቢው አሮጌውን ዘዴ ተምሮ ሮሻኑን እንደ ነበረ አድርጎ መልሶታል። ቤት ጆኽዳር፣ ቤት አልረይስና ቤት ከድዋን የሚባሉት ሦስቱ ታድሰው የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል።

ሐጂ ከአንዱ ደጃፍ አቁመዋቸው ዋጋውን ነገሯቸው።

«ለወር ነው?» አለ ባልየው። ሰውየው ሲፈጥረው ዝምተኛ ነው፤ ገንዘብ ሲነሣ ግን ይነቃል።

«ለሌሊት።»

ወደ ባብ ሸሪፍ ሲወርዱ ያልታደሰ ቤት ሞልቷል። አንዱን አዩ። ሐሪሱ ሱዳናዊ ነው፤ ጠባቂም፣ ኪራይ ሰብሳቢም፣ ቧንቧ ጠጋኝም እሱ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ከፈተላቸው። ጣሪያው ግንድ በግንድ ነው፤ በበሰበሰው ሥር የብረት ቧንቧ ምሰሶ ቆሟል። ግድግዳው ሲነኩት እንደ ጨው ይረግፋል። ሮሻኑ ግን ነበረ። ሚስትየው መዝጊያውን ገፋ አድርጋ አየች፤ ታች አዛውንት የሻይ ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ድመቶች ዓሣ ሻጩን ከበውታል፣ የአዛን ድምፅ በአምስት አቅጣጫ ይመጣል። ወደደችው።

«ውል ይጻፍልናል?» አለች።

ሐሪሱ ወደ ሐጂ አየ። ሐጂ ወደ ጣሪያው አዩ።

ይሄን ዝምታ ላስረዳችሁ። ድሮ ጅዳ ውስጥ ኪራይ በቃል ነበር። «ያ ሐጅ፣ ክፍሉ ይኸው፣ ሂሳቡን አምጣ» ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው አንድ ሰው ይከራያል፣ ሌላው ስድስትና ስምንት ሆኖ ይጠጋዋል። በባሕር የመጣው፣ ከከፊሉ (ከአሠሪው) ጠፍቶ ሁሩብ (ኮብልሏል የሚል ክስ) የተመታበት፣ በዑምራ ቪዛ ገብቶ የቀረው፣ ሁሉም እንዲሁ ነው ያደረው። ከዚያ 2013 መጣ። የምሕረቱ ጊዜ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሲያልቅ አፈሳው ተጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2017 ሁለተኛ ዙር። በ2018 ደግሞ ኢጃር የሚባለው የኪራይ መዝገብ በኮምፒዩተር ሥራ ጀመረ። ውሉ እዚያ ካልገባ ፍርድ ቤት አያውቀውም፤ ከገባ ደግሞ እንደ ፍርድ ይቆጠራል፣ ያልከፈለ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ነው የሚሄደው። ከ2024 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚከፈለው በዚያው በመዝገቡ በኩል ነው። ሐሪስ እጅ ላይ ጥሬ ብር ቆጥሮ ማስቀመጥ አበቃ። ከሁሉ የባሰው ግን የአስጠጊው ቅጣት ነው። ድንበር ሰብሮ የገባን ሰው ያጓጓዘ ወይም ያስጠለለ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ይቀጣል፤ መኪናውም ቤቱም ይወረሳል። የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ይሄንን በየሳምንቱ ያስታውቃል። ስለዚህ ዛሬ ጅዳ ውስጥ የወንድሙን ልጅ ለአንድ ሌሊት የሚያሳድር ሐበሻ መጀመሪያ ኢቃማውን ይጠይቃል። ወሎዬ ለእንግዳ በር ላይ ወረቀት ሲጠይቅ! ከዚህ የሚከፋ ምን አለ?

እንዲያው ከተነሣ፣ በ615 ከመካ ሸሽተው የመጡት ሶሓቦች በዚያው በሹዐይባ ወደብ ነበር የተሳፈሩት። ያኔ ተጠጊዎቹ እነሱ፣ አስጠጊው የእኛው ነጃሺ። ወረቀት ጠየቃቸው የሚል አልሰማሁም።

ወደ ክፍሏ ልመለስ። ቤቱ በቅርስ ክልሉ ውስጥ ነው፤ ለጥገና ቀን የተቆረጠለት ነው፤ በኢጃር ሊመዘገብ አይችልም። «ተቀመጡ፣ ማንም አይጠይቃችሁም» አለ ሐሪሱ። ባልየው ራሱን ነቀነቀ። ሕጋዊ ሆኖ በሕገ ወጥ ቤት መኖር ሁለቱንም ማጣት ነው፤ ውሉም የለም፣ እንቅልፉም የለም።

«እሺ ከበለድ ወጣ ብሎስ?» አለች ሚስትየው፣ ሮሻኑን እየዘጋች። «ጉለይል ዘመድ ነበረኝ። ከንደራም እንዲሁ።»

ሐጂ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ።

በለድን እንደ ቀበቶ የከበቡት ሰፈሮች ነበሩ፦ ጉለይል፣ ፔትሮሚን፣ ከንደራ፣ ሰቢል፣ ሂንዳዊያ፣ ኑዝላ አልየማኒያ። ሐበሻ ጅዳ ላይ ሰፈሬ የሚለው አብዛኛው እዚያ ነው። ከንደራ ድልድይ ሥር መሄጃ ያጣ ሰው «መልሱኝ» ብሎ እስኪወሰድ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛበት ዘመን ነበር። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ማፍረሻው ገባ። በግድግዳው ላይ «ይለቀቅ» የሚል የዐረብኛ ቃል በቀለም ይጻፋል፤ ከዚያ መብራት ይቆረጣል፣ ውኃ ይቆረጣል፣ ዶዘሩ ይመጣል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል አየሁት ያለው የማዘጋጃ ቤት ሰነድ ከ60 በላይ ሰፈርና ከ558,000 በላይ ነዋሪ የሚነካ ነው ይላል። ለባለቤቱ ካሣ ተከፍሏል፤ ለዜጋ ተከራይም ተለዋጭ ቤት ይሰጣል ተብሏል። ለውጭ አገር ሰው ምንም። ከተነሣው ሕዝብ ደግሞ 47 ከመቶው የውጭ አገር ሰው ነው። መንግሥት «የወንጀልና የአደንዛዥ ዕፅ ጎሬ ነበር» አለ። ጎሬም አልጠፋም፤ ግን እዚያው አፈር ላይ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ ቁርኣን ያስቀራ መምህር፣ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ያስተማረች ሴትም ነበሩ።

«ጉለይል አሁን ምንድን ነው?» አለች።

«ሜዳ» አሉ ሐጂ። «ሜትሮ ቢሠራ ለጣቢያ የሚሆን ባዶ ቦታ አሁን ነው የተገኘው።»

የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ሲሰማ አይደንቀው ይሆናል። ፒያሳም ቀላል ባቡር ነበራት፣ ምኒልክ አደባባይ ሥር፤ በ2024 አሮጌዎቹ ቤቶች ከነተከራዮቻቸው ሲነሡ ጣቢያው ቀረ፣ ተሳፋሪው ሄደ። ይሄን ለሌላ ቀን ላቆየው።

በመጨረሻ ቤት የተገኘው ሸረፊያ ነው። ከበለድ በሊሞዚን ሩቅ አይደለም፤ በእግር ግን ጅዳ ላይ በነሐሴ የሚሞክረው የለም። ሁለት ክፍል፣ ማድ ቤት፣ ፊት ለፊቱ የሌላ ፎቅ ቤት ግድግዳ። ሮሻን የለም፤ አሉሚኒየም መስኮት ነው፣ ሲከፈት ያንቃጭላል። የአከራዩ ልጅ ቢሮ ሄዱ፤ መክተብ ዐቃር ይሉታል፣ የቤትና የቦታ ደላላ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ልጁ ሻይ አዘዘላቸውና ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፋ። የኢቃማ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ። የባልየው ስልክ ጢን አለች፤ የማረጋገጫ ቁጥር። አስገባ። ጊዜው አለፈ አለ። እንደገና። ከዚያ የውሉ ገጽ መጣ፤ የመብራት ቆጣሪው ቁጥር፣ የማቀዝቀዣዎቹ ብዛት፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ሳይቀር ተጽፏል።

«ኪራዩ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው» አለ ልጁ። «የመጀመሪያው ስድስት ወር አሁን።»

ባልየው ሻዩን አስቀመጠ። «በየወሩ አይሆንም?»

«አባቴ በየወሩ አይወድም።»

ያገራችን አከራይ ሦስት ወር ቅድሚያ ሲል የሚያማርረው ሰው ይሄን ይስማ። የደላላው ደግሞ ሕጉ 2.5 ከመቶ ይላል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ላይ። ልጁ እሱን ወሰደ። ሐጂ በኢጃር የተመዘገቡ ደላላ አይደሉም፤ ለእሳቸው ሚስትየው ከሪያድ ያመጣችውን ሽሮና በርበሬ ሰጠቻቸው። ይበቃኛል አሉ። ዐይናቸው ግን ሌላውም ፌስታል ውስጥ ምን እንዳለ ያይ ነበር።

ቤት ከገቡ በኋላ ጁሙዓ ቀን ዑምራ ለማድረግ ሦስቱም በሐጂ የእኅት ልጅ መኪና ወጡ። ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከዚያ አያልፍም፣ በሌላ መንገድ ይዞራል። ከኬላው አካባቢ ሹመይሲ ነው። የሹመይሲን ስም ሐበሻ እየቀፈፈው ነው የሚጠራው፤ ታፍሶ አገሩ እስኪገባ የሚታጎርበት እስር ቤት እዚያ ነው። ሐጂ ጣታቸውን ወደ በረሃው ዘረጉ።

«ይሄ ቦታ የድሮ ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«ሑደይቢያ። ነቢያችን በ628 ዑምራ ብለው መጥተው፣ ቁረይሾች አትገቡም ብለዋቸው፣ ተዋውለው የተመለሱት ከዚሁ ነው።»

መኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያወራ ሰው የለም። ከዚያ የመካው የሰዓት ግንብ ታየ። 601 ሜትር ነው፤ ከሩቅ ተራራ ላይ የበቀለ ይመስላል። እሱ የቆመበት ኮረብታ ላይ የዑስማንያ ቱርኮች የሠሩት አጅያድ የሚባል ምሽግ ነበር፤ በጃንዋሪ 2002 ፈረሰ። ቱርክ ጮኸች፣ ማንም አልሰማ። በሐረሙ (በታላቁ መስጊድ) ዙሪያ የነበሩት አሮጌ ሰፈሮችም እንዲሁ ተራ በተራ ወደ ሆቴልና አደባባይ ተለውጠዋል። መካ ላይ ክፍል የሚሸጠው በካሬ ሜትር አይደለም፤ ከካዕባ ባለው ርቀት ነው። መስኮቱ ካዕባን የሚያይ አንድ ዋጋ፣ የሐረሙን ጥግ የሚያይ አንድ ዋጋ፣ የሆቴሉን ቆሻሻ መጣያ የሚያይ ሌላ ዋጋ።

ይሄ ክርክር ደግሞ የዛሬ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር በሐጅ ወራት የመካ ሰዎች ደጃቸውን እንዳይዘጉ፣ እንግዳ ባገኘበት እንዲያድር አዘዋል ይባላል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በሐጅ ወቅት የመካን ቤት ማከራየት ይጠሉ ነበር። ኢማም ሻፊዒ ግን ይቻላል ባይ ናቸው። እዚያው መካ ላይ ኢስሓቅ ኢብን ራህወይህ ከተባሉት ዐሊም ጋር በዚህ ተከራከሩ፤ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሻፊዒ ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ያደረጉት ዑመር ራሳቸው መካ ውስጥ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት በገንዘብ መግዛታቸውን ነው፤ የሚገዛ ከሆነ ባለቤት አለው፣ ባለቤት ያለው ይከራያል። ክርክሩን ሻፊዒ ረቱ ይላሉ። የመካ አከራይም ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ አላየም።

ከዑምራው በኋላ መስፈላ፣ ከሐረሙ በስተደቡብ፣ አንዲት የወሎ ባልቴት ቤት ምሳ ተጋበዙ። እትዬ ብለው ነው የሚጠሯቸው። ለሐጅ የሚመጣ ዘመድ ሲያሳርፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሚስትየው የሜትሮ ነገር ከአፏ አልጠፋም፤ መካስ የላትም ወይ ብላ ጠየቀች።

«ኧረ አላት!» አሉ እትዬ። «ያንቺ ዓይነት ሰው እኮ ነው የሚፈልጋት።»

እውነታቸውን ነው። መካ ባቡር አላት። ኖቬምበር 2010 ሥራ የጀመረ፣ 18 ኪሎ ሜትር፣ 9 ጣቢያ፤ ሦስቱ ዐረፋ፣ ሦስቱ ሙዝደሊፋ፣ ሦስቱ ሚና፣ የመጨረሻው ሰይጣን ከሚወገርበት ከጀመራት አጠገብ። በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 72,000 ሰው እንዲያጓጉዝ የተሠራ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ በዓለም ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የሠራው የቻይናው የምድር ባቡር ኮንስትራክሽን ድርጅት ነው፤ ከ4 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ከሰርኩ ብሎ አስታውቆ ነበር። የዚሁ ድርጅት ልጅ ኩባንያ ነው በኋላ የእኛን ሐዲድ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ የዘረጋው። መካ ላይ ያለው ባቡር ግን በዓመት ሳምንት ያህል ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሐጅ ቀኖች። ሌላውን ጊዜ ተቆልፎ ይቀመጣል። መስፈላ አይመጣም፣ ሐረምም አይደርስም፤ ለከተማው የታሰቡት መስመሮች እንደ ጅዳው ወረቀት ላይ ናቸው። ከ2022 ወዲህ የመጡት የመካ አውቶቡሶች ናቸው እንግዲህ ነዋሪውን የጠቀሙት።

«ታዲያ ከጣቢያው አጠገብ ቤት ይከራያል?» አለች ሚስትየው።

«ሚና ላይ? ሚና ላይ ምን ቤት አለ! ድንኳን ነው። ነቢያችንን ቤት እንሥራልዎ ቢሏቸው አይሆንም፣ ሚና ቀድሞ የደረሰ የሚሰፍርበት ነው ብለዋል።»

በ1997 እሳት ተነሥቶ ከ340 በላይ ሐጀኛ ካለቀ ወዲህ ሚና ላይ ያለው ድንኳን እሳት የማይበላው ነጭ ጨርቅ ነው፤ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፣ ከመቶ ሺህ በላይ ነው ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይቆማል። በአንድ በኩል ጣቢያው፣ በሌላ በኩል ድንኳኑ፣ በመሀል አንድም ተከራይ የለም።

ሚስትየው ሳቀች። «እንዲህ ከሆነ ቤት ኪራይ የማይጠየቅበት ሰፈር ተገኘ። ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው።»

«ቀድሞ መድረስ ድሮ ቀረ፣ አንቺ» አሉ እትዬ፣ ሩዙን እየጨመሩላት። «አሁን በጥቅል ነው የሚሸጠው። ከጀመራት ጥግ ያለው ድንኳን ዋጋው ሌላ ነው፤ ራቅ ያለው ይረክሳል። ከሩቅም ሩቅ አለ፣ ሙዝደሊፋ ውስጥ ገብተሽ ‹ሚና ነው› የሚሉሽ። የባቡሩ ቲኬትም ለሁሉ አይደለም፤ በየቡድኑ ነው የሚደለደለው።»

ባልየው እስከዚያ ድረስ በጸጥታ ይበላ ነበር። ጎረሠ፣ ዋጠ፣ እጁን ጠረገ።

«እትዬ፣ ለዚህኛውስ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ?»

«በሦስት ጊዜ ይቀበሉሃል። ግን ሚና ሳትደርስ ሁሉም መከፈል አለበት።»

«መብራትና ውኃ ጨምሮ?»

«ጨምሮ።»

«ለስንት ሌሊት?»

«ሦስት፤ ቢበዛ አራት።»

ባልየው ስልኩን አውጥቶ ሸረፊያ ላይ ከሚከፍለው ጋር በሌሊት ማካፈል ጀመረ። ሐጂ ቀና ብለው አዩትና «ተወው ልጄ፣ አይካፈልም» አሉት።